መርካቶ የማይገኝ ሞተር

ምሩቃን፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ኤግዚቢሽናችሁን ዞሬ አየሁ። አብዛኛው መስመር ተከትሎ የሚሄድ ሮቦት ነው። አንዱን ልጅ ሞተሩን ከየት አመጣኸው ብለው፣ «ከመርካቶ ነው ጋሼ» አለኝ። ደግ! እኔ ግን መርካቶ ስለማይገኝ ሞተር ላውራችሁ።

ሪቻርድ ብሌክሞር የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ከማሳቹሴትስ ረግረግ ያመጣውን ጭቃ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ባክቴሪያዎች ወደ አንድ ጠርዝ ሲጎርፉ ተመለከተ። ይፈልግ የነበረው እነሱን አልነበረም። ብርሃን ስቧቸው ይሆን ብሎ ማይክሮስኮፑን አዞረው፤ ቦታ ቀየረለት፤ ካርቶን ደፋበት። እነሱ ወይ ፍንክች፤ ጉዟቸው ያው ወደ ሰሜን። ማግኔት ሲያስጠጋ ግን ዞሩ! ሰውነታቸው ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን እንደ ዶቃ ተደርድሯል። ባክቴሪያዎቹ ማግኔት እንደሚከተሉ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተመ። ከእናንተ ስንቱ «ማይክሮስኮፑ ተበላሽቷል» ብሎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣ ነበር?

የሞንትሪያሉ መሐንዲስ ሲልቫን ማርቴል ለደቃቅ ሮቦት ባትሪ በመሥራት አልደከሙም፤ እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ እንዳለ ሮቦት አደረጉት። የሚሽከረከረው ጭራ ሞተር፣ ማግኔቱ መሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ፣ በእያንዳንዱ ባክቴሪያ ላይ 70 ያህል የመድኃኒት ከረጢቶች አስረው፣ በማግኔት እየመሩ አይጥ ላይ ወዳለ የካንሰር እብጠት ላኩ። ኦክስጅን ያነሰበትን ቦታ ባክቴሪያው ራሱ ይወዳልና፣ እስከ 55 በመቶው እብጠቱ ውስጥ ዘለቀ።

አሁን ወደ ሰፈራችን። በሰሜን አገሮች የመሬት ማግኔት መስመር ወደ ታች ስለሚያዘቀዝቅ፣ ባክቴሪያው እሱን ተከትሎ ጭቃው ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ግን መስመሩ አግድም ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የማግኔት ወገብ በእኛ አካባቢ ያልፋል። አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ማዕከል ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ይለካዋል። ወገቡ በሚያልፍበት ብራዚል፣ ሰሜን ሂያጁና ደቡብ ሂያጁ ተቀላቅሎ ተገኝቷል። የትንሹ አቃቂ ወንዝ ጭቃስ?

ልጆች ሳለን መካኒሳ፣ እዚሁ ወንዝ ዳር ከተሰበረ ራዲዮ ስፒከር ያወጣነውን ማግኔት በሲባጎ አስረን አሸዋ ላይ እንጎትት ነበር፤ ጥቁር ብናኝ ለብሶ ይወጣል። እናንተ ደግሞ ከዚያው ጭቃ ቅዱና ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጡት። የለንም እንዳትሉኝ፤ ዲናችሁ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ የማይክሮስኮፑን ቁምሳጥን ቁልፍ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ወንዙ ግን የዱሮው አይደለም። ያለ ጓንት እንዳትነኩት፤ እናቶቻችሁ የሚጣሉት ከእኔ ጋር ነው።