ሹም ሽርና የመውረጃው ቀን
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ስለ ሹም ሽር ነው። እኔ የጌዶ ልጅ ነኝ። ጌዶ ከአምቦ አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች፣ የፊንጫአ መንገድም የሚገነጠልባት ብርዳም ከተማ ናት። መንገደኛ ሁሉ በእርስዋ ያልፋል፤ ሹምም እንደ መንገደኛ ያልፋል። ልጅ ሳለሁ አዲስ ሹም መጣ ሲባል ሽማግሎች «መቼ ነው የሚሄደው?» ብለው ሲጠይቁ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከጥያቄዎች ሁሉ ዋናው እርሱ እንደ ሆነ ተረድቼአለሁ።

እንደሚታወቀው፣ ጌዶ ቀድሞ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በጅባትና ሜጫ አውራጃ ሥር ነበረች፤ የአውራጃው ከተማም አምቦ ነበር። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገረ ገዥውን ደመወዝተኛ አደረገው፤ ተጠሪነቱንም ለአገር ግዛት ሚኒስቴር አደረገ። ይህ በገዛ ጊዜው መሻሻል ነበር፤ ቀድሞ ሹም የሚኖረው ገበሬው በሚያመጣለት ግብር ነበርና። ነገር ግን ሿሚውም ሻሪውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሹሙ ፊቱን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የሚያዞርበት ምክንያት አልነበረውም።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ተምረው የተመለሱት ግርማሜ ንዋይ የወላይታ ገዥ ሳሉ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ማከፋፈል ጀመሩ። ባለመሬቶች ወደ ላይ አቤት አሉ፤ ግርማሜም ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። የወላይታ ገበሬ «ይቆዩልኝ» የሚልበት ቦታ አልነበረውም። ግርማሜ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሕይወታቸውን አጡ። መልካም ሹም ቢመጣ እንኳ ሕዝቡ ሊያቆየው አይችልም ነበር፤ ክፉ ሹም ቢመጣም ሊያወርደው አይችልም ነበር። ነገሩ አንድ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ። ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር ተባለ፤ እንደራሴው አስተዳዳሪ ተባለ። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሹመቱ ከላይ መውረዱን አልተወም።

ከዚያም በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ክልሎችን አቋቋመ። በሕጉ መሠረት የክልል ፕሬዚዳንት የሚሰየመው የክልሉ ምክር ቤት መርጦት ነው፤ በኦሮሚያ ይህ ምክር ቤት ጨፌ ይባላል። በጽሑፍ ሲታይ ሹመት ቀርቶ ምርጫ ገባ ማለት ነው። አሁን ዝርዝሩን እንመልከት። አቶ ኩማ ደመቅሳ እስከ ሐምሌ 1993 ቆዩ፤ በጥቅምት 1994 አቶ ጁነዲን ሳዶ ተተኩ፤ በ1998 መጀመሪያ አቶ አባዱላ ገመዳ መጡ፤ ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ አቶ ዓለማየሁ አቶምሳ ተሰየሙ፤ እርሳቸው በሕመም ምክንያት በየካቲት 2006 ለቀው ወዲያው ሲያርፉ አቶ ሙክታር ከድር ተከተሉ፤ በጥቅምት 2009 አቶ ለማ መገርሳ፣ በሚያዝያ 2011 ደግሞ አቶ ሽመልስ አብዲሳ ቦታውን ያዙ። ከ1987 እስከ 2011 ድረስ ስድስት ሰዎች ገብተው ወጡ፤ ለአንዱ በአማካይ አራት ዓመት ደረሰው ማለት ነው። አቶ ጁነዲንና አቶ ለማ ወደ ሚኒስትርነት፣ አቶ አባዱላ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባዔነት ሄዱ። ከስድስቱ አንዱን እንኳ ያወረደው የድምፅ መስጫ ሣጥን አይደለም።

ይህን የምለው ሰዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። የምለው ስለ ሥርዓቱ ነው። በግንቦት 2007 ምርጫ ገዥው ፓርቲ የጨፌውን መቀመጫ በሙሉ ያዘ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ ከእኛው ከምዕራብ ሸዋ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ አገሩን አዳረሰ። አምቦም ቀደም ብላ በሚያዝያ 2006 በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት የልጆችዋን ደም አይታ ነበር። አንድ ተቃዋሚ እንኳ የሌለበት ምክር ቤት ሕዝቡ የሚያስበውን አልሰማም ነበር። ሹም ሽሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚወርድበት ቀን ያልታወቀ ሹም የሚወርደው በሞት፣ በሽኩቻ ወይም በደም ነው፤ ይህን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሹሙ ብቻ አይደለም።

ወዳጆቼ፤ ሌላ መንገድ የለም እንዳንል ከጌዶ ብዙ ሳይርቅ ኦዳ ቢሲል አለ። በትውፊት የሜጫ ሕግ በማኮ ቢሊ የታወጀው ከዚያ ዛፍ ሥር ነው። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳ የሚቆየው ስምንት ዓመት ነው። ተተኪው ወገን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የርክክቡም ቀን የታወቀ ነው፤ ርክክቡ የሚደረገውም በአደባባይ ነው። ገዳ እንከን አልነበረውም አልልም፤ ሴቶች በሥልጣኑ እኩል አይካፈሉም ነበር። ነገር ግን «መቼ ነው የሚሄደው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ገዳን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ደስ አለን። እኛ ግን የመዘገብነውን እንጂ የመዘነውን አላየሁም።

የሹም ሽር ጉዳት ከፕሬዚዳንት ይልቅ በታች ይብሳል። በአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለ አንድ ድልድይ ማመልከቻ ጽፈው ነበር። የመጀመሪያው ሹም «እናየዋለን» አለ፤ ተዛወረ። ሁለተኛው «መዝገቡ አልደረሰኝም» አለ፤ ተሻረ። ሦስተኛው «እንደገና ጻፉ» አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በክረምት ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ወንዙ ሲጎድል ብቻ ነበር። ሹም ሲለወጥ ጉዳይ የሚሞት ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ሳይሆን የሰውየው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፤ የሹም የሥራ ዘመን በሕግ ይወሰን፤ የሚነሣ ከሆነም ምክንያቱ ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፤ ወጪው ሹም ለገቢው ሲያስረክብ የተጀመረውና ያልተፈጸመው ሥራ በወረዳው ምክር ቤት ፊት ይነበብ። ሦስተኛ፤ በኦሮሚያ ወረዳ የራሱ ምክር ቤት ሲኖረው ዞን ግን የለውም፤ አስተዳዳሪው ከክልል ይሾማል። ብዙ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሰው የሚጠይቀው የሕዝብ ጉባዔ ይኑር።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አውርሰውናል። ይህ ተረት የክፋት ብቻ አይደለም፤ ነገ አላምንም የሚል ሰው ሒሳብ ነው። የመውረጃውን ቀን የማያውቅ ሰው ሥራ አይጀምርም፤ ይሰበስባል እንጂ። ነገ «ሹመት ያዳብር» የሚባልልን ከዚህ አዳራሽ የምንወጣው እኛ ነን። ያን ቀን ወደ ጌዶ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ስንሄድ ሽማግሎች «መቼ ነው የሚሄደው?» ብለው ቢጠይቁ አንቀየም፤ ቀኑን እንንገራቸው፤ እስከዚያ የምንሠራውንም አብረን እንንገራቸው።