ጫጩትን በጭድ ማሞቅ


ሮቤና ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ደጋ አዲስ የተፈለፈለን ጫጩት ከርሃብ ይልቅ ብርድ ይቀድመዋል። ከአስኳሉ የተረፈ ስንቅ በሆዱ አለ፤ ሙቀቱን መጠበቅ ግን ገና አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሻል። ለብዙ እናቶች የጫጩቶቹ ሞት የልጆች ደብተር መግዣ መጥፋት ነው።

አቃፊ ዶሮ ከሌለች፣ መብራትም ከጠፋ፣ መፍትሔው ከአውድማችን ይገኛል፦ የሳጥኑን ዙሪያና ክዳን በደረቅ ጭድ መጠቅጠቅ፣ አየር ማስገቢያ መተው፣ ጫጩቶቹን በመካከል ማሳደር። ጭድ ሙቀት አይፈጥርም፤ የራሳቸውን ሙቀት ያቆይላቸዋል። ስለዚህ ጥቂት ጫጩቶች በሰፊ ሳጥን አይሞቁም። ተፋፍገው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ተራርቀው ካለከለኩ ሞቋቸዋል።