የማግኔት ማያያዣና መፍቻ በሞዴል ባቡር ላይ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች መጫወቻ ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ ፉርጎ የሰው እጅ ሳይነካው እንዲያያዝና እንዲፈታ ማድረግ ልክን፣ ኃይልንና ሰበቃን አስማምቶ መሥራትን የሚጠይቅ እውነተኛ የምሕንድስና ተግባር ነው።

አስቀድሜ የነገሩን መነሻ ላስታውስ። በአሜሪካ የቀድሞዎቹ ፉርጎዎች ይያያዙ የነበረው በብረት ቀለበትና በችንካር ነበር። ሠራተኛው በሁለት ፉርጎዎች መካከል ቆሞ ቀለበቱን በእጁ ይመራል፤ ችንካሩንም ይጥላል። በዚህ ሥራ ብዙዎች ጣታቸውንና እጃቸውን፣ አንዳንዶችም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ኢላይ ጄኒ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማያያዣ ግን፣ ሁለት ሰዎች ጣቶቻቸውን አጥፈው እርስ በርስ እንደሚቆላለፉ ሁሉ፣ በግጭት ብቻ ራሱን የሚቆልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 የወጣው የአገሪቱ ሕግም ሠራተኛ በፉርጎዎች መካከል ሳይገባ የሚፈታ ማያያዣ እንዲገጠም አስገደደ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የንግድ አገልግሎት በሚሰጠው በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ባለው አዲስ ሐዲድ ላይ የሚመላለሱት የጭነት ፉርጎዎችም የተያያዙት በዚሁ በጄኒ ዘር ማያያዣ ነው።

ይህንኑ አሠራር ወደ ሞዴል ባቡር በማምጣት ረገድ ስማቸው የሚነሣው ኪት እና ዴል ኤድዋርድስ የተባሉት አሜሪካውያን መንትያ ወንድማማቾች ናቸው። ካዲ የተሰኘው ድርጅታቸው ስሙን ያገኘው ከሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። የመጀመሪያው ማያያዣቸው የሚፈታው በሐዲዱ መካከል በሚቆም ሜካኒካዊ መግፊያ ነበር፤ ኋላ ግን ማግኔት ይህን ሥራ ተረከበ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የማያያዣው ጣት በትንሽ ሞላ ኃይል ተዘግቶ ይቆያል። ከሥሩ ወደ ሐዲዱ የሚወርድ ቀጭን የብረት ሽቦ አለ። የተያያዙት ሁለት ፉርጎዎች ከማግኔቱ በላይ ሲደርሱ አንደኛው ሽቦ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ ይሳብና ጣቶቹ ይከፈታሉ። ነገር ግን ባቡሩ እየጎተተ ሳለ ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ስለሚወጠሩ ማግኔቱ ሊከፍታቸው አይችልም። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ውጥረቱን ማላላት አለበት። ከተለያዩ በኋላ ሎኮሞቲቩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እዚያው ማግኔቱ ላይ እንደገና ቢገፋ፣ ማያያዣዎቹ ወደ ጎን እንደተሳቡ ይገናኛሉ እንጂ አይቆለፉም። በዚህ ሁኔታ ፉርጎውን እስከተፈለገው ቦታ ገፍቶ ትቶት መመለስ ይቻላል። አንድ ማግኔት ለብዙ የጭነት መስመሮች የሚበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ አገጣጠሙ እንለፍ። ምሳሌዬ ኤች ኦ የሚባለው፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰውና የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊሜትር የሆነው መጠን ነው።

አንደኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። በአሜሪካ የባዶ ፉርጎ ማያያዣ መካከለኛ ነጥብ ከሐዲዱ ራስ በላይ እስከ 876 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይህም በ87 ሲካፈል 10 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ለዚሁ የተሠራውን መለኪያ በተስተካከለ ሐዲድ ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን ፉርጎ ከእርሱ ጋር ማስተያየት ይገባል። ፉርጎው ዝቅ ካለ በአካሉና በመንኰራኩሩ ጋሪ መካከል ስስ ሮንዴላ ይጨመራል፤ ከፍ ካለ መቀመጫው በሞረድ በጥንቃቄ ይፋቃል።

ሁለተኛው ነጻነት ነው። የማያያዣውን ሣጥን ከማጣበቂያ ይልቅ በብሎን ማሰር ይመረጣል፤ ወደፊት መክፈት ያስፈልጋልና። ማያያዣው በጣት ወደ ጎን ተገፍቶ ሲለቀቅ በራሱ ወደ መካከል ካልተመለሰ በሣጥኑ ውስጥ የቀረ የፕላስቲክ ትርፍ አለ ማለት ነው። ትርፉ ከተሞረደ በኋላ ጥቂት የግራፋይት ዱቄት ይበቃዋል፤ ዘይት ግን አቧራ ስለሚሰበስብ መራቅ አለበት።

ሦስተኛው የሽቦው ልክ ነው። ጫፉ ከሐዲዱ ራስ 0.8 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ከዚህ ዝቅ ካለ በሐዲድ መገንጠያ ላይ ይጠለፋል፤ እጅግ ከፍ ካለ ከማግኔቱ ኃይል ይርቃል። ማስተካከያው ፒንሳ ነው።

አራተኛው የማግኔቱ ቦታ ነው። ቀጥ ባለና ተዳፋት በሌለው ሐዲድ ላይ ይቀመጥ፤ በጠመዝማዛ ላይ ማያያዣዎቹ ፊት ለፊት አይተያዩምና። ባቡሮች በሚመላለሱበት ዋና መስመር ላይ ግን ዘወትር የሚስበው ማግኔት አደጋ አለው፤ ባቡሩ በአጋጣሚ ከላላ ሳይታሰብ ይፈታል። እዚያ ሲፈለግ ብቻ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማግኔት ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የፉርጎው ክብደትና የመንኰራኩሩ ዘንግ ሊታሰቡ ይገባል። በአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር ምክር መሠረት ለፉርጎው 28 ግራም መነሻ ይያዝና ለየ2.54 ሳንቲሜትሩ ርዝመት 14 ግራም ይጨመራል። ቀላል ፉርጎ የአረብ ብረት ዘንግ ካለው ማግኔቱ ራሱ ይስበዋል፤ ያልተፈለገ መላላትም ይፈጥራል። በዚህ ጊዜ ማግኔት የማይስበው ዘንግ መተካት ነው።

ፉርጎዎች አልፈታ ሲሉ ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚከሰው ማግኔቱን ነው፤ ነቅሎም የበረታ ይተካል። ይህ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደ መምታት ነው። ከፍታው የተዛነፈ ማያያዣ በየትኛውም ማግኔት አይታረምም፤ የበረታው ማግኔት ደግሞ ዘንጎቹን አብሮ እየሳበ ችግሩን ያብሳል። ሁሉም በአንድ ልክ ከተሠራ ግን ደካማው ኃይል ይበቃል።

ለተማሪዎች ማስተማሪያ ሞዴል ለማቆም የምታስቡ ባልደረቦቼ ሁሉ ከማግኔቱ በፊት መለኪያውን እንድትገዙ አደራ እላለሁ። ተማሪው አንዱን ፉርጎ ከሌላው ጋር ሳይሆን ሁሉንም ከአንድ መለኪያ ጋር ማስተያየትን ከተማረ፣ እውነተኛውን ሐዲድ በሚረከብበት ቀን ሰው በፉርጎዎች መካከል እንዳይገባ ያደረገው የብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የልኩ መከበርም መሆኑን ይረዳል።