ቡናችን በስልክ ሲመዘገብ



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ንግግሬ በኪሳችሁ ስላለው ስልክ ነው። ትልቅ ቴክኖሎጂ ለያዮ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ በተባለው ጊዜ ሳያልቅ መቅረቱን ሁላችንም እናውቃለን። ይኸኛው ግን ትንሽ ነው፣ በልጆቻችን እጅም ያለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ወደዚያ የሚላክ ቡና ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ያልተመነጠረበት መሬት ላይ መብቀሉ መረጋገጥ አለበት። ደንቡ የሚተገበርበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። ማሳው ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ገበሬ አንድ የቦታ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ የሚበልጠው ዙሪያው ይለካል። ይህንንም ከሳተላይት ምልክት የሚቀበል ስልክ ሊይዘው ይችላል።

እኛ ደንቡን የምንፈራበት ምክንያት የለንም። ቡናችን በዋንዛ ጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ ዩኔስኮም ደናችንን በ2010 በባዮስፌርነት መዝግቦታል።

ሥጋቴ በመዝጋቢው ላይ ነው። ልጆቻችን በዚህ ሥራ የራሳቸውን ድርጅት ቢከፍቱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አቀበቱ ደክሞት ከመንገድ ዳር ነጥብ የያዘ ልጅ የአንዱን ማሳ ጥብቅ ደን ውስጥ አስገብቶት ሊያድር ይችላል። ቡና ደግሞ መጋዘን ሲገባ ይደባለቃል፤ የአንዱ ስሕተት የጎረቤቱንም ጭነት ያስጠረጥራል። አንድ አባት «ሚዛኑን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ይህን በምን ልየው?» ብለውኛል። ማንበብ ለማይችል ሰው ስልኩ የተሸፈነ ሚዛን ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ማሳው ድረስ ሂዱ። የመዘገባችሁትን በአፋን ኦሮሞ አንብቡላቸው፣ ስማቸው፣ ነጥቡና ቀኑ ያለበትን ወረቀትም ስጧቸው። መረጃው አማና ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለሌላ ነጋዴ አይሸጥም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም አትርሱ። አባቶችና እናቶችም ይህ ምዝገባ የመሬት ይዞታ ደብተራችሁን እንደማይተካ እወቁ፤ ደብተራችሁን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ።

ገንዘብ ያላችሁ ነጋዴዎች ደግሞ እነዚህን ልጆች በወለድ ብድር አትጠፍሯቸው። እናታችን ኸዲጃ ካፒታል ሰጥታ ከታማኝ ሠራተኛ ጋር ትርፍ ትካፈል እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ለስልክና ለመንገድ ወጪ የሚበቃ ገንዘብ ከናንተ አይጠፋም።

ስልክ የያዛችሁ ልጆች ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቆዩ። በመስጊዱ ግቢ ነጥብ መያዝ እንለማመዳለን፤ አባቶችም ቆመው ያያሉ።