በሄሊኮፕተር ረዥም ገመድ ጭነት ስለ ማንሣት



ዛሬ የምናገረው ሄሊኮፕተር በረዥም ገመድ ጭነት አንጠልጥሎ ስለሚሠራው ሥራና ይህ ሥራ እንዴት እንደሚለመድ ነው። በስዊስ ተራሮችና በካናዳ ደኖች፣ መኪና በማይደርስበት ስፍራ፣ ምሰሶ የሚተከለውና ግንድ የሚነሣው በዚህ ዘዴ ነው።

ገመዱ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ አብራሪው አድማሱን ማየት ትቶ፣ በጎን መስኮት ጎንበስ ብሎ፣ ጭነቱን ቁልቁል እያየ ማብረር ይማራል። መጀመሪያ ያለ ጭነት፣ ቀጥሎ በአጭር ገመድ፣ በመጨረሻም በረዥሙ እየተለማመደ፣ በርሜል አንሥቶ በመሬት ላይ በተሰመረ ክብ ውስጥ ማሳረፍን ያጠናል።

በፊዚክስ እንደ ተማርነው፣ የተንጠለጠለ ነገር ይወዛወዛል። በ30 ሜትር ገመድ የተንጠለጠለ ጭነት ሄዶ እስኪመለስ 11 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጀማሪው ደንግጦ መሪውን ወዲያና ወዲህ ቢያደርገው ውዝዋዜው ይብሳል። የሠለጠነው ግን ጭነቱ ዳር እስኪደርስ ታግሦ ሄሊኮፕተሩን በላዩ ያመጣዋል፤ ያን ጊዜ ጭነቱ ይረጋል። አልረጋ ብሎ አደጋ ከመጣ፣ አብራሪው መንጠቆውን ከፍቶ ጭነቱን ይለቀዋል። ስለዚህ ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር መቆም ክልክል ነው። በምድር ሆኖ ጭነቱን የሚቀበለው ሠራተኛም ሕይወቱን ለአብራሪው እጅ ዐደራ ሰጥቷል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም በቅርቡ ከዚህ ወጥተን የሌላ ሰው ኑሮ የሚንጠለጠልበትን ሥራ እንይዛለን። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።