በዝናብ ቀን ከአዴት ወደ ጣና ዳር



ከአዴት ባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለፈው ክረምት ከተማሪዎቼ ጋር ይህን መንገድ አልፈን፣ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግረን፣ በቡናው ጥላ ሥር ተጉዘን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ ዝናቡ አበስብሶን ነበር።

የመቅደሱ ሥዕሎች የተሣሉት በጭቃው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ካፈሰሰ ጭቃው ይርሳል፤ ጨርቁ ይላቀቃል፤ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል። ሥዕሉን ለትውልድ ያቆየው ሠዓሊው ብቻ ሳይሆን ክዳኑን የከደነውም ሰው ነው።

ለዓመታት ስለ ሥዕሎቹ ሳስተምር ስለ ክዳኑ አንድም ቀን አላነሣሁም። ያን ዕለት አንዲት ተማሪ ቀና ብላ፣ «መምህር፣ ይህ ክዳን የታደሰው መቼ ነው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ቅርስ የምናጠና ሁሉ አስቀድመን ጣሪያውን እንይ።