በመቀነት የሚያዝ ካሜራ

(የፎቶግራፍና የሰነድ ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ንግግር። ለኅትመት እንዲመች ጥቂት ቦታ ታርሟል።)

 

ኮሚቴው ዛሬ ስለ ካሜራ ይናገራል ሲባል አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አይተናል። «የማዳበሪያው ዕዳ እያለ ስለ ፎቶ?» ያለችም አለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ከቁጠባችን ላይ ብር ወጥቶ ዕቃ ተገዝቷል፤ ብሩ የእናንተ ስለሆነ ለምን ያን ዕቃ እንደመረጥን ልንነግራችሁ ይገባል።

ነገሩ የተጀመረው በለቅሶ ነው። ባለፈው ሐምሌ አንዲት አባላችንን ቀበርን። ስሟን አንጠራም፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ድንኳን ሲተከል ልጇ የእናቷን ፎቶ ፈለገች። ቤት ውስጥ የለም፤ ዘመድ ዘንድም የለም። በመጨረሻ ከቁጠባ ደብተሯ ላይ ጉርድ ፎቶዋን ልጣ ይዛ ፎቶ ቤት ሄደች። 3 በ4 የሆነች ጉርድ ፎቶ የመስኮት ያህል ስትለጠጥ ምን እንደምትመስል አይታችኋል፤ ዓይኑ ከቅንድቡ አይለይም። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠችው ያቺ ናት። ልጅቱ እያለቀሰች፣ «እናቴ እኮ እንዲህ ኮስታራ አልነበረችም» አለችን። አልነበረችም። ከሁላችንም በላይ የምትስቀው እሷ ነበረች።

በዚያው ቀን የማኅበሩ ትልቅ ካሜራ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር።

ይህን ካሜራ ከአራት ዓመት በፊት የላከችልን ውጭ አገር የምትኖር ወዳጃችን ናት። ለስጦታዋ ዛሬም እናመሰግናለን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ውድ ዕቃ ነው ብለን ፈራነው። ቁልፉን ለአንዲት አባል ሰጠን፤ በርበሬው ቀልቶ በተሰጣበት ሰሞን እሷ ገበያ ናት፣ ፎቶ የሚያምርበት ቀን ሲመጣ ባትሪው አልቋል። ከለቅሶው በኋላ ከፍተን ስናየው፣ ክረምቱን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ከርሞ አንደኛው ሌንስ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ አብቅሏል። በአራት ዓመት ያነሣቸውን ፎቶዎችም አገላበጥናቸው። ጠቅላላ ጉባኤና የእንግዳ አቀባበል ብቻ ነው፤ በሁሉም ላይ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቆመናል። እንጀራ ስንጋግር፣ ዕቁብ ስንጥል፣ ስንጨቃጨቅ የሚያሳይ አንድም የለም።

ያኔ አዲስ ካሜራ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ክርክር ተነሣ። ሁለታችን ትንሿ የኪስ ዲጂታል ካሜራ ትገዛ አልን፣ ሌሎቻችን ስልክ። አልተስማማንም። ስለዚህ መስከረም ላይ ለጉብኝት ወደ ጢስ ዓባይ ስንሄድ ለሙከራ ሁሉንም ይዘን ወጣን፦ ትልቁን ካሜራ በደህናው ሌንስ፣ የተዋስናትን የኪስ ካሜራ፣ የሁለት አባላትንም ስልክ።

የሄዳችሁ ታስታውሳላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ተጉዘን፣ የአላታን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ወጣን። ውኃው የሚታየው በወቅቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ ብዙው ውኃ ወደ ተርባይኑ ስለሚሄድ በበጋ የሄደ ሰው ገደሉን እንጂ ጢሱን ላያይ ይችላል። እኛ ግን በጊዜው ደርሰን ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ እናታችን ፏፏቴውን ስታይ፣ «እንዴ! ይኼ የብሯ ጀርባ ላይ የነበረው አይደለም እንዴ?» አለች። አዎ፣ የድሮዋ የወረቀት አንድ ብር ጀርባ ላይ ያለው እሱ ነው። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ፏፏቴውን ትልቁ ካሜራ እንዲህ አድርጎ አንሥቶታል፤ ቤት ብንሰቅለው የሚያኮራ። የእናታችንን ሳቅ ግን አላነሣውም። ካሜራው ከቦርሳ እስኪወጣ፣ ክዳኑ እስኪነሣ፣ ሌንሱ ላይ ያረፈው ካፊያ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠረግ ሳቁ አልቋል። ያገኘው የአንዷ ልጃችን ስልክ ነው፤ መቀነቷ ውስጥ ነበር፣ መዘዝ አድርጋ አነሣች።

ነገር ግን ያም ፎቶ መጀመሪያ ላይ ተበላሽቶ ነበር፤ የእናታችን ፊት ጠቁሮ ዓይኗ አይታይም። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙዎቻችሁ «ፎቶ አይወጣልኝም» የምትሉት በዚህ ምክንያት ነውና። ካሜራ በራሱ ብርሃን ሲለካ ፊታችሁን አያውቅም። ከኋላ ነጭ ጢስ፣ ከላይ ነጭ ነጠላ ካየ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ የሚከስረው ጠይሙ ፊት ነው። ጉዳዩ የቆየ ነው። በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመዛዘኛ ካርድ ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር፤ በዚያ ካርድ ተመዛዝኖ የታጠበ ፎቶ ላይ የጥቁር ሰው ፊት መልኩ አይለይም ነበር። የዛሬ ስልክ ግን መላ አለው። ማያው ላይ የሰውየዋን ፊት በጣት ነካ ማድረግ፣ ከዚያ ጎኑ ላይ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋት። ፊቷ ይፈካል፤ ጢሱ ነጭ ሆኖ ቢጠፋ ይጥፋ፤ እሱን በብሯ ላይ አይተነዋል። ልጃችን እንዲህ አድርጋ ሁለተኛ አነሣቻት፣ እናታችንም ደግነቷ ገና እየሳቀች ነበር።

ስንመለስ ስልክ ይገዛ የሚለው ወገን አሸነፈ። የኪስ ካሜራዋም ጥሩ ናት፤ እውነተኛ ማቅረቢያ አላት። ነገር ግን ብቻዋን ቻርጅ ትፈልጋለች፣ ብቻዋን መሸከም ይጠይቃል፣ ስትበላሽም ጠጋኝ ያገኘንላት ባሕር ዳር ብቻ ነው። የስልክ ጠጋኝ ግን ፍኖተ ሰላምም ቡሬም አለ።

ግዢው ላይ ሻጩ፣ «ይኼ 108 ሜጋ ፒክስል ነው» እያለ አዋከበን። አጣርተን ስለሄድን አልደነገጥንም። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ በጥራት ለማሳተም 2 ሜጋ ፒክስል ገደማ ይበቃል፤ ለዚህ ለመጽሔታችን ሙሉ ገጽ እንኳ ወደ 8 ነው። የሚለየው ሴንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል ስፋትና የሌንሱ ዓይን መከፈት ነው፤ የእኛ ሥራ ያለው ጢስ በሞላበት ማድ ቤት፣ ምጣድ ዳር ነውና። ስለዚህ ሻጩን ቁጥሩን ትተህ ስልኩን ስጠን አልነው። ከመካከላችን አንዷ ነጠላዋን ተከናንባ የሱቁ ጨለማ ጥግ ሄዳ ቆመች፤ እጇን እንጀራ እንደምታሰፋ አዟዟረች። በሦስት ስልክ አነሣናት። በአንደኛው እጇ ጉም ሆነ፣ በሁለተኛው ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። በሦስተኛው እሷን መሰለች። ከሦስቱ በዋጋ መካከለኛው እሱ ነበር፤ እሱን ገዛን።

ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል መሆኑንም አይተናል። ኢንተርኔት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ አትረሱትም፤ ፎቶው በካርድ ወጥቶ በሰው እጅ ወደ ፎቶ ቤት መሄድ መቻል አለበት። ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ፎቶ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየወሩ ይገለበጣል፤ ከየአባሏም በዓመት ቢያንስ አንድ ፎቶ ታትሞ ቤቷ ይገባል። ለዚህ የተያዘው ብር ከስልኩ ዋጋ ቀጥሎ ትልቁ ወጪያችን ነው፣ እንዳታጉረመርሙ።

ትልቁ ካሜራስ? አልሸጥነውም። ለቡድን ፎቶ፣ ለሠርግ፣ ለአዳራሽ ይሆናል። ከቆዳ ቦርሳው ወጥቶ አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ቁልፍም የለውም።

በአዲስ አበባ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚባል ሥራ ነበር፤ ወጣቶች ከየሰው ቤት የቤተሰብ አልበም እየሰበሰቡ የድሮውን ፎቶ አንድ ላይ አሳዩት። አልበም ያለው ቤት መኖሩ ነው የጠቀማቸው። የቤተ መንግሥቱ መልክማ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እነ በድሮስ ቦያጂያን አንሥተውታል። የጂጋና የማንኩሳ ባልቴት መልክ ግን ማን ዘንድ አለ?

አንድ ነገር ለደጋፊዎቻችን። ስትመጡ የምታነሡንን ፎቶ አንጠላም። ነገር ግን ከመካከላችን አንዷ ከዓመታት በፊት በተነሣችው ፎቶ፣ ታማ በተኛችበት፣ በሆነ የኅትመት ገጽ ላይ ራሷን አይታለች። «ያን ቀን ፊቴን እንኳ አልታጠብኩም ነበር» አለችን፤ ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር። ከእንግዲህ ለእናንተ የምንልከው ፎቶ ባለቤቷ አይታ «ይሂድ» ያለችው ብቻ ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ ፎቶ ቢጎድልባችሁ ምክንያቱ ይህ መሆኑን እወቁልን። ሁለት እናቶች ደግሞ ፎቶ አንነሣም ብለዋል። አንደኛዋ፣ «እጄን አንሡ» ብላ ፈቅዳ፣ ድልህ የምትደልህበትን እጇን አንሥተናል፤ በዚህ ዕትም ገጽ መጀመሪያ ላይ ያለው እሱ ነው።

ስልኩ በዚህ ወር ማንኩሳ ቡድን ዘንድ ነው፣ በሚቀጥለው ጂጋ፣ ከዚያ ቡሬ። የምትረከበው አባል መጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ትጥረግ፤ ቅባት የነካው ሌንስ ሁሉንም ነገር ጉም ያለብሰዋል። በሁለት ጣት እየሳባችሁ አታቅርቡ፤ ፎቶው ይፈርሳል፤ በእግራችሁ ቅረቡ። መብራት ሲመጣ ቻርጅ አድርጉት። ጥያቄ ያላችሁ ከቡና በኋላ አለን።